የዝግባው ስንጥርና የተቆለፈው አፌ

አፌ ተቆልፎ ሰነበተ ብዬ ስናገር ስማዳ ላይ የሚያምነኝ የለም። «የማን አፍ? ያንተ? እሱስ ተአምር ነው» ብለው ይስቁብኛል። እናንተ አታውቁኝምና ምናልባት ታምኑኝ ይሆናል። እጄ እንደ ድሮው አይታዘዘኝም፤ እስከዚህ ድረስ ስጽፍ ራሱ ሁለት ጊዜ አርፌያለሁ። ቢሆንም ወሬ ጀምሬ ትቼ አላውቅምና ልቀጥል።

ስሜ ይርጋ ነው። ጣውላ ሰንጣቂ ነኝ። ከስማዳ እስከ ጋይንት መጋዝ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀኛል፤ የማያውቀኝ ካለ ገና መጋዝ አልያዘም ማለት ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ማንበብ የለመድኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ወረቀት ሲሆን የቀረውን ከሬዲዮና ልጆቼ ከጣሉት ደብተር ለቃቅሜ ራሴን አስተማርኩ። የተኛ ግንድ አይቼ ስንት ጣውላ እንደሚወጣው ሳልለካ እናገራለሁ። አንድ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ያውቃል፤ ግንዱ ማለቴ ነው።

የመጋዜ ጓደኛ ስማቸው ይባላል። የኔው እኩያ ነው፣ ጎረቤቴም ነው። ግንዱን ቆጥ ላይ አውጥተን እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች ሆነን ስንስብና ስንገፋ ስንት ዓመታችን። እኔ የሁለታችንንም እናገራለሁ፤ እሱ የሁለታችንንም ዝም ይላል። የሁለት ሰው መጋዝ ደግሞ ምሥጢር አይደብቅም። ከወዲያ ያለው ሰው ሲደክመው፣ ሲናደድ፣ ምሳው ሳይስማማው ሲቀር ብረቱ ይነግራችኋል።

ታዲያ ክረምቱ እንደወጣ፣ እስቴ ውስጥ ካለ አንድ የገጠር ደብር ጥሪ መጣልን። ነፋስ ትልቅ ዝግባ ጥሎባቸዋል። የደብር ዛፍ ቆሞ እያለ ማንም አይነካውም፤ እግዜር የጣለውን ግን ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ያውሉታል። በሩና መቃኑ አርጅቶ ስለነበር ከዚያው ዝግባ ሊያሠሩ አሰቡ። የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ቄሰ ገበዙ፣ ከግንዱ አጠገብ ቆመው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይኸን ትችለዋለህ?»

«አባ፣ ንጉሥ ሰሎሞን እኔን ቢያገኝ ኖሮ ለዝግባ ብሎ ሊባኖስ ድረስ ሰው አይልክም ነበር።»

«መጋዙንም እንደ ምላስህ ስለኸዋል?»

ስማቸው ሳቀ። ስማቸውን ካሳቁት ቄስ ጋር መከራከር አያዋጣም ብዬ ሥራ ጀመርኩ።

ዝግባው ተኝቶም ቁመቱ ከኔ ይበልጣል። ቅርፊቱ እየተላጠ ይረግፋል፤ እንጨቱ ነጣ ብሎ ቢጫ ያለበት፣ ሽታ የሌለው፣ አንጓ የማይታይበት ነው። ጥድ ገና ሳትነካው ይሸትሃል፤ ዝግባ ግን ዝም ያለ ዛፍ ነው። ከስማቸው ጋር ይስማማሉ። ግንዱን እየቆረጥን በሦስት ጥማድ በሬ ወደ ቆጡ አስጎተትን። መሬቱ ገና የክረምት ውሃ ያልለቀቀው ስለነበር ጭቃውና የበሬው እበት ተቦክቶ እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጥ ነበር። ሌሎች ሰንጣቂዎች ቢሆኑ ወር ይፈጅባቸዋል፤ እኔ ግን ሃያ ቀን ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁና ማረፍ የለም። ወገቤ አልቋል፣ ትከሻዬ አልቋል፣ አፌ ብቻ ነው የቀረው።

በአምስተኛው ቀን ስንጥር የላስቲክ ጫማዬን በስቶ ተረከዜ ውስጥ ገባ። የጣት ርዝመት ያለው ነው። ስማቸው በወረንጦ ጎትቶ አወጣልኝ።

የኛ የሰንጣቂዎች ወግ አለ። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ እሳቸውም ከሌላ ነው የወረሱት። ዛፍ ሲወጋህ ከዚያው ዛፍ ሰጋቱራ ታነሳለህ፣ ዛፉ ከወደቀበት ጭቃ ትጨምራለህ፣ አብኩተህ ቁስሉን ትደፍናለህ። ዛፉ ቂሙን ይረሳል ይባላል።

ስማቸው ጭቃውን አየና «መጀመሪያ በውሃ እንጠበው» አለ።

«አንተ ዝም በል፤ ለዝምታ የተፈጠርክ ሰው ነህ። ድፈነው!»

«ይርጌ፣ በሬዎቹ እኮ እዚህ ነው የቆሙት።»

«ድፈነው አልኩህ! ሙያውን እኔ ነኝ ያስተማርኩህ ወይስ አንተ?»

ደፈነው። እኔም በላስቲክ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። በሦስተኛው ቀን ላዩ ደረቀ። «አየህ?» አልኩት። እሱ መጋዙን አነሳ።

ሳምንት አለፈ። ከዚያ መንጋጋዬ ቀኑን ሙሉ የባቄላ ቆሎ ስቆረጥም እንደዋልኩ ሁሉ ይደክመኝ ጀመር። አንገቴ ደረቀ። የሥራ ድካም ነው አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ደክሞኝ ነበር። በዚያን ሰሞን የማይደክመው ሰው አገሩ ላይ የትም አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ተቀመጥን። ማኅበርተኛው ዳቦ ቆርሶ ጠላ የሚጠጣበት ነው። ባለፈው እሑድ እዚያው ቦታ ላይ ዳኛ፣ ፍየልና የተናደደች ሚስት ሆኜ አስቄያቸው ስለነበር ገና ስቀመጥ ሁሉም አይን አይኔን ያየኛል። ዳቦ ሰጡኝ። ወደ አፌ አስጠጋሁት። አፌ አልተከፈተም።

እንደገና ሞከርኩ። አልተከፈተም። በሁለት እጄ አገጬን ይዤ ወደ ታች ሳብኩት።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆኖ መጣ?» አለ አንዱ።

«የተዘጋ በር ነው! አላየህም፣ ቁልፉ ጠፍቶበታል!» አለ ሌላው።

ሰንበቴው በሳቅ ፈረሰ። የበለጠ ያሳቃቸው ፊቴ ነው። ያኔ አላወቅኩም፤ ኋላ ነው የነገሩኝ። ይኸ በሽታ የፊትን ጅማት ስቦ ሰውየውን የሚስቅ ያስመስለዋል። ጥርሴ ወጥቷል፣ ቅንድቤ ተሰቅሏል። ከውስጥ እኔ «እርዱኝ» እላለሁ፤ ከውጭ ፊቴ ይስቅላቸዋል። እነሱም አጅበውኝ ይስቃሉ። አንዲት እናት እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ «ኧረ ተው፣ ትገድለናለህ!» አሉኝ። ስንት ዓመት ሰው ሳስቅ እንደዚያ ቀን የሳቀልኝ የለም።

ስማቸው ጠላውን አስቀምጦ ተነሳ።

«ይኸ ቀልድ አይደለም» አለ። ማንም አልሰማውም። ከዚያ ስማቸው ጮኸ፤ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። «ቀልድ አይደለም አልኩ! ሦስት ቀን ሙሉ መጋዙ ሲከብደኝ ነበር። እሱ አልነበረም የሚስበው፤ እኔ ነበርኩ ሁለቱንም የምስብ። ይኸ ሰው ታሟል!»

በጩኸቱ ጀርባዬ እንደ ቀስት ተለጥጦ ከመደቡ ወደቅኩ። ሳቁ ያን ጊዜ ነው ያቆመው።

«ምች ነው!» አለች አንዷ፤ ሮጣ ዳማከሴ ቆርጣ አምጥታ እያሸች አፍንጫዬ ላይ ያዘችልኝ። ሌላው «ጠበል ይወሰድ» አለ። ሌላው «ይረፍ፣ እስከ ነገ እንየው» አለ። እኔ የምሰማው ሁሉንም ነው፤ አእምሮዬ እንደ ብርጭቆ ጥርት ብሏል። እስከ ነገ ከቆየሁ እንደማልኖር አውቄዋለሁ፤ ግን ማን ይናገርልኝ?

ቄሰ ገበዙ መጥተው በላዬ መስቀላቸውን አሳረፉና ጸሎት ደገሙልኝ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ጠበሉ የትም አይሄድም፤ ሲድን ይጠመቃል። ቃሬዛ አምጡ።»

«አባ፣ መኪና እኮ የለም፤ መንገዱ ተዘግቷል» አሏቸው።

«መኪና አላልኩም። ቃሬዛ ነው ያልኩ።»

መንገዱ ለምን እንደተዘጋ አትጠይቁኝ። በኛ አገር በዚህ ዘመን መንገድ ተዘጋ ሲሉን ለምን አንልም፤ በየት በኩል ይኬዳል ነው የምንለው። ሆስፒታል ያለባት ከተማ መካነ ኢየሱስ ናት፤ እስከዚያ በእግር ግማሽ ቀን ነው።

ስምንት ሰው አራት አራት እየሆነ፣ እየተቀያየረ ተሸከመኝ። እናንተ የከተማ ሰዎች ካላያችሁ፣ ቃሬዛ ሲያልፍ መንገድ ላይ ያገኙት ወንድ ሁሉ ጭነቱን አስቀምጦ ለአንድ ዳገት ያህል ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። ተሸካሚው ድካሙን የሚረሳው በወሬና በሆታ ነው። ግን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሰውነቴ ይገተራል፤ አጥንቴ የሚሰበር ይመስለኛል፤ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። ይኸንን የተረዳ ስማቸው ብቻ ነው። ከፊት ከፊት እየሄደ ያገኘውን ሁሉ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም ያሰኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙያው ለአገር ተረፈ።

ችግሩ፣ ዝም ብሎ የሚሄድ ቃሬዛ ሬሳ ይመስላል። አንድ መታጠፊያ ላይ አንዲት ባልቴት ከማሳቸው ቀና ብለው አዩንና እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ያለቅሱ ጀመር።

«ወዬ ወዬ! የማን ልጅ ነው? ወዬ አንተ ልጅ!»

ተገተርኩ። ሰማዩ ጠቆረብኝ። ስማቸው ሮጦ ሄዶ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«እመይቴ፣ አልሞተም! በልቅሶዎ ሊገድሉት ነው፤ ስለ ማርያም ዝም ይበሉልኝ!»

«አልሞተም? ታዲያ ምነው እንደዚህ ዝም ብላችሁ?»

«እሱ ነው እንጂ የሚያወራው፤ እሱ ሲዘጋ እኛም ዘጋን» አለ አንዱ ተሸካሚ በሹክሹክታ። ባልቴቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እስከ ወንዙ ድረስ ተከተሉን፤ እያለቀሱ ነው፣ ግን ያለ ድምፅ። በሕይወት ሳለሁ የተለቀሰልኝን ልቅሶ አይቼ አመሰገንኩ፤ ስንቱ ሰው የራሱን ሳያይ ነው የሚሄደው።

መካነ ኢየሱስ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ነርስ፣ ሲስተር ትዕግሥት፣ ፊቴን አንዴ አይታ ወዲያው ሐኪም አስጠራች። «ቁስል አለው? የት ነው?» አለች። ስማቸው ተረከዜን አሳያት። ላዩን ስትከፍተው ያ ሰጋቱራና ጭቃ እንደ ውታፍ ደርቆ ውስጥ ተቀምጧል።

«ማነው እንዲህ አድርጎ የደፈነው?»

ስማቸው መሬት መሬቱን እያየ «እኔ ነኝ» አለ።

«በጭቃ? በእበት? ልትገድለው ነበር እኮ!»

«አዎ» አለ።

ሌላ ቃል አልጨመረም። እንጠበው ያልኩ እኔ፣ ድፈነው ያለኝ እሱ ነው አላለም። እኔ ተኝቼ እሰማለሁ። ዕድሜ ልኬን ለከንቱ ነገር ስከፍተው የኖርኩት አፍ ለአንድ እውነት አልከፈት አለኝ። ያቺን ደቂቃ ከመገተሩም፣ ከሕመሙም አስበልጬ አስታውሳታለሁ።

መንጋጋ ቆልፍ ነው አሉ። መርፌ ወጉኝ፣ ቁስሉን ቆርጠው አጠቡ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው ብቻዬን አስተኙኝ። ብርሃንና ድምፅ ጠላቴ ሆነ። ይተርፋል አይተርፍም ሲሉ በበሩ ክፍተት ሰማሁ። ሲስተር በየጠዋቱ በፀጥታ ትገባና «እስቲ ክፈት» ትለኛለች። ልኩ ጣት ነው። መጀመሪያ የትንሿ ጣቷ ጥፍር እንኳ በጥርሴ መሃል አልገባም። ቀን ሄደ፣ ቀን መጣ። ድካም ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ እፎክር ነበር፤ አላውቅም ነበር። ድካም ማለት ዝም ብለህ ተኝተህ፣ ሰውነትህ ብቻውን ግንድ ሲሰነጥቅ ሲውል ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን አንድ ጣት ገባ። ስማቸው በሩ ሥር ተቀምጧል። በዓይኔ ጠራሁት። ጆሮውን አስጠጋ።

«አንተ... አይደለህም» አልኩት በጥርሴ መሃል። «እኔ ነኝ... ድፈን ያልኩህ።»

ሲስተርም ሰማች። ስማቸውም፣ «ይኸን ሁሉ ቀን ዝም ብለህ ያጠራቀምከው ይኸንን ነው? እኔ ቀልድ ስጠብቅ» አለኝ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ውጭ ሲያለቅስ እንደነበር የነገረችኝ ሲስተር ናት፤ እሱ ግን ጉንፋን ነበር ይላል።

ሁለት ጣት ሲገባ ወሬ ጀመርኩ። ሲስተርን «የጣለኝን አሳዪኝ» አልኳት። ስልኳን አውጥታ ሥዕል አሳየችኝ። ክብሪት እንጨት ይመስላል፤ ቀጭን ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ክብ ራስ።

«ይኸ ነው? ስንት እጥፍ ቢሆን ነው ዝግባ የሚያክለው?»

«ዓይንህ አያየውም። ስንት ሺህ ተሰልፎ የጥፍርህን ጫፍ አይሞላም። ባክቴሪያ ነው፤ በየትኛውም አፈር፣ በከብት እበት ውስጥ ሞልቷል። አሁንም ጫማህ ላይ አለ።»

«ይቺ ጫፉ ላይ ያለችውስ?»

«ዘሩ ናት ማለት ትችላለህ። ጠንካራ ቅርፊት አላት። አፈር ውስጥ ዓመት ከዓመት ትጠብቃለች።»

ይኸን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እንጨት አውቃለሁ አላልኳችሁም? የዝግባም ዘር ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፤ አፈር ውስጥ ተኝቶ ጊዜውን ይጠብቃል። በመጠበቅ ሁለቱ ወንድማማች ናቸው። ሲነሱ ነው የሚለያዩት። ዝግባው ብርሃንና አየር ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል፤ አየር ካጣ ይሞታል። ይኸኛው አየር ካገኘ አያድግም። የሚፈልገው የተዘጋ፣ የተደፈነ፣ የታሰረ ቦታ ነው። እኔ ደግሞ ሰጋቱራ አብኩቼ፣ በላስቲክ አስሬ፣ ቤት ሠራሁለት። አናጢነቴን ለሱም አሳየሁት።

«ታዲያ ምን አድርጌው ነው እንዲህ የጠላኝ?» አልኳት።

ሲስተር ሳቀች። «ኧረ አያ ይርጋ፣ አልጠላህም። ማን እንደሆንክም አያውቅም። አንተ ብትሞት እሱ የሚጠቀመው ነገር የለም። መኖር ብቻ ነው ሥራው።»

ያቺን ቀን ሙሉ ጣራ ጣራውን ሳይ ዋልኩ። ከስማዳ እስከ ጋይንት የማያውቀኝ የለም ብዬ ነው የኖርኩት። ዝግባው በኔ ላይ ቂም ሊይዝ ቀርቶ በሕይወት መኖሬንም አያውቅ፤ ቄሰ ገበዙ አያታቸው ልጅ ሆነው እንኳ ትልቅ ዛፍ ነበር ብለውኛል። ይኸ የማይታየውም አያውቀኝ። ከላይ ያለው ትልቁ አያውቀኝ፣ ከታች ያለው ትንሹ አያውቀኝ፤ በመሃል እኔ ዝናዬን ይዤ። የሚያውቀኝ መጋዙን ከወዲያ የያዘው ሰው ብቻ ነው። እሱንም ዝም በል ስለው ኖርኩ።

ስወጣ ሲስተር አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ። «ታምሜ ድኛለሁ ብለህ እንዳትኩራራ። ይኸ በሽታ ለዳነው መከላከያ አያወርስም፤ እንደገና ይይዝሃል። ክትባቱን ጨርስ።» እንኳን ክትባት፣ ምራቂውንም ተወጋሁ ብላችሁ እመኑኝ።

እናንተ ይኸን የምታነቡ፣ ማረሻም ያዙ ብዕር፣ እግራችሁን ሲወጋችሁ በውሃና በሳሙና እጠቡ፤ አትድፈኑ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ይኸን ለመናገር ይኸን ሁሉ ወረቀት መጨረስ አልነበረብኝም፤ ግን ምክር በባዶው ሲሰጥ ማን ይሰማል? እኔም ከስማቸው አልሰማሁም።

ከወራት በኋላ ወደ ደብሩ ተመለስን። የመጨረሻው ግንድ ቀርቶ ነበር። መጋዝ ሁለቴ ስቤ አቃተኝ፤ ከደብሩ ሰዎች አንዱ ቦታዬን ያዘ፣ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ስማቸው እጁን አራገፈ። ስንጥር መዳፉን ጭሮት ደም ወጥቷል። ትንሽ ነው። ቄሰ ገበዙም፣ ሌሎቹም ቆመው እያዩ እኔ የውሃ ጀሪካንና ሳሙና ይዤ እግሬን እየጎተትኩ መጣሁ።

«አምጣ እጅህን።»

«ይርጌ፣ ጭረት እኮ ናት።»

«አምጣ አልኩህ።»

«ዶክተሩ መጡ! ዶክተሩ መጡ!» አለ ከቆጡ ላይ ያለው ሰው። ሁሉም በሳቅ ወደቁ። አንዱ አረማመዴን እያስመሰለ ከኋላዬ ይከተላል፤ ቄሰ ገበዙ እንኳ ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። መልስ ነበረኝ፤ ሦስት መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ ሦስቱም የሚያስቁ። ስማቸው ዝም ብሎ መዳፉን ዘረጋልኝ። እኔም ዝም ብዬ ሳሙናውን አሻሁለት፣ ውሃውንም ጀሪካኑ ባዶ እስኪሆን አፈሰስኩለት።